አንገትሽን አደራ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ። እኛ ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ትንሽ ተሽሎታል።

ትናንት ማታ ታናሽሽ ፎቶሽን አሳየኝ። እዚያ ህንድ፣ ጋንጋ ወንዝ ዳር፣ እግርሽ ወደ ሰማይ፣ በጭንቅላትሽ ቆመሻል። እሱ ይስቃል፣ እኔ ራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ያ ሚኒባስ ከተጋጨ በኋላ አንገትሽ በድጋፍ ታስሮ ሦስት ወር ሙሉ በማንኪያ ያጎረስኩሽ እኔ ነኝ። ረሳሽው? በጭንቅላትሽ አትቁሚ።

ሪሺኬሽ ሄደሽ ዮጋ መማርሽን አልተቃወምኩም፣ አሁንም አልቃወምም። አክስትሽ «ሃይማኖቷን ልትለውጥ ነው» ስትል እንኳ ልጄን አውቃታለሁ ብያታለሁ። ዮጋ ሰውነት ማፍታታት ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳሽኝ አንቺው ነሽ። የጥንቱን የዮጋ ሊቅ የፓታንጃሊን ስምንት ደረጃዎች በጣትሽ እየቆጠርሽ ነገርሽኝ፤ የሰውነቱ አቋቋም ሦስተኛ፣ ትንፋሹ አራተኛ፣ ማሰላሰሉ ከዚያ በኋላ። ከሁሉ የሚቀድመውስ ምን ነበር? አሂምሳ፣ አለመጉዳት። የራስሽ አንገት አይቆጠርም? ደግሞ ዮጋ የሚለው ቃል ከመጥመድ ነው የመጣው ብለሽኛል፣ በሬ እንደሚጠመደው። ያኔ ነው የገባኝ፣ የገበሬ ልጅ አይደለሁ። አንዱ በሬ ቸኩሎ ሲጎትት ቀንበሩ የባልንጀራውን ጫንቃ ሲልጠው አይቻለሁ። ልብሽ ቢቸኩልም አንገትሽ ገና ነው።

የህንዱን የሂሳብ መምህሬን ወሬ መቼም ሰልችቶሻል። ይሄን ግን አውርቼው አላውቅም። 1964 ዓ.ም. ነው፣ ደብረ ማርቆስ፣ 8ኛ ክፍል ነኝ። ያኔ ብዙ ትምህርት ቤት የህንድ መምህራን ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት ደብተር ላደርስ ቤታቸው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ምንጣፍ ላይ እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። በአውራ ጣታቸው አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ ይዘው በሌላው ይተነፍሳሉ፣ ደግሞ ያፈራርቃሉ። ሲያዩኝ አልተቆጡም። አጠገባቸው ምንጣፉን በእጃቸው መታ መታ አድርገው ና ቁጭ በል አሉኝ። ደብተሩን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ይባስ ብሎ ክፍል ውስጥ አፍንጫዬን ይዤ እሳቸውን እያስመሰልኩ ልጆቹን አሳቅኩ። ዞር ስል በሩ ላይ ቆመዋል። ምንም አላሉም፣ ጠመኔ አንስተው ማስተማር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት በራቸው ዝግ ነበር። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው አገራቸው ገቡ። ይኸው ከ50 ዓመት በኋላ ደም ግፊት ይዞኝ፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ያ መታ መታ ያደረጉት ምንጣፍ ይታየኛል።

እና በጭንቅላትሽ አትቁሚ። የራጁን ውጤት ለአስተማሪሽ አሳዪ፣ አፍረሽ እንዳትደብቂ። ሁሉም ይሠራዋል አትበዪኝ። በጀርባ ተኝቶ እግርን ግድግዳ ላይ ማስደገፍም አለ ብለሻል፣ እሱን ሥሪ። ውሃ አፍልተሽ ጠጪ። እዚያ ስጋ አይሸጥም ስላልሽ እናትሽ ሁለት ኪሎ ሽሮ አዘጋጅታለች፤ የጓደኛሽ ወንድም ሲመጣ ይዞልሽ ይመጣል። ወፍራም ካልሲም አለበት።

ስትመለሺ ያን በአፍንጫ እያፈራረቁ የሚተነፍሱትን ታስተምሪኛለሽ። ቀስ እያልሽ፣ ደም ግፊቴን እንዳትረሺ። ምንጣፉን ሳሎን መስኮቱ ሥር አነጥፋለሁ።

ፎቶውን ለእናትሽ አላሳየኋትም። ሁለተኛ እንደዚያ ያለ እንዳላይ።

አባትሽ