ዘገባችሁ ተሸካሚዎቹን አይቶ ደረጃውን ለምን ተወው?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ለእኩል ዕድልና ለአካታችነት በሚል በከተማችን በጎንደር ስለተካሄደው የገቢ ማሰባሰቢያ የምሳ ግብዣ ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። በትልቁ የወጣውን ፎቶግራፍ አንባቢዎቻችሁ ሁሉ ያስታውሱታል። ወጣቶች አንዲትን ሴት ከነዊልቸሯ ተሸክመው የአዳራሹን ደረጃ ሲወጡ ይታያል፤ ከሥሩም ተግባራቸው የመደጋገፍ ባህላችን ማሳያ ተብሎ ተወድሷል። ያቺ ሴት እኔ ነኝ።

ወጣቶቹን አመሰግናለሁ፤ በቅንነት ነው ያደረጉት፤ ቅሬታዬም በእነርሱ ላይ አይደለም። ቅሬታዬ ዘጋቢያችሁ የተሸከሙኝን ልጆች ስም እየጠየቀ ሲጽፍ፣ ስለ እኩል ዕድል ሊነገርበት ወደተዘጋጀ አዳራሽ ሰው በሸክም የሚገባው ለምን እንደሆነ ግን ማንንም አለመጠየቁ ነው። እኔን እንኳ አላነጋገረኝም፤ ፎቶግራፉንም ሲያነሣ አላስፈቀደኝም።

ፎቶግራፉ የማያሳየውን ልንገራችሁ። ከወጣቶቹ አንዱ የያዘው የዊልቸሩን የእጅ መደገፊያ ነበር፤ መደገፊያው ደግሞ ተነቃይ ነው። ደረጃው አጋማሽ ላይ ስንደርስ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ፤ ወንበሩ ወደ ግራ ተንጋደደ፤ የነጠላዬ ጫፍም ጎማው ውስጥ ገብቶ ተጠመጠመ። ከኋላ የነበረው ልጅ በደረቱ ባይደግፈኝ ኖሮ ወድቄ ነበር። የዓመት በዓል ልብሴን ለብሼ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ የትኬቴን ዋጋ ከፍዬ፣ በተጋባዥ ሁሉ ፊት እንደ ጆንያ ተሸክመው ሲያስገቡኝ የተሰማኝ ኀፍረት ነው። ከገባሁም በኋላ የመጸዳጃ ቤቱ በር ከዊልቸሬ የጠበበ መሆኑን ስላየሁ፣ አንድ ጉንጭ ውኃ እንኳ ለመጠጣት አልደፈርሁም።

ሊሆን የማይችል ነገር አልጠየቅንም። ዘጋቢያችሁ አዳራሹን ዞር ብሎ ቢያይ ኖሮ፣ እንጀራውና ወጡ የሚገባበት የኋላ በር አንድ ደረጃ ብቻ እንዳለው ይመለከት ነበር። በተለመደው ልክ የዊልቸር ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ ጎማ የሚወጣበት ተዳፋት፣ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሚሆን አንድ ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ይበቃዋል ማለት ነው። ይህን አንድ አናጺ በግማሽ ቀን ከሳንቃ ይሠራዋል። በኩሽና በኩል መግባት ደስ የሚል ነገር ባይሆንም፣ ቢያንስ በራስ ጎማ መግባት ነው። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራችን አባላት ከግብዣው በፊት ይህንኑ ለአዘጋጆቹ አመልክተው ያገኙት ምላሽ «የሚያግዝ ሰው እንመድባለን» የሚል ነበር። እናንተም ይህን ቸልተኝነት ደግነት አድርጋችሁ ጻፋችሁት።

ነገሩ ደግሞ በሰዎች ደግነት ላይ የተጣለ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፣ ለእነርሱ የሚሆን መጸዳጃ ቤትም እንዲዘጋጅ ደንግጓል። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ካጸደቀችም ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ፒያሳ ያሉት የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ከአዋጁ በፊት የተሠሩ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ የእነርሱን ደረጃ አፍርሱ ያለ ሰው የለም። ይህ አዳራሽ ግን የትናንት ሥራ ነው። ያለ ራምፕ እንዴት አገልግሎት እንዲሰጥ ተፈቀደለት? ይህን መጠየቅ የጋዜጠኛ ሥራ ካልሆነ የማን ሥራ ነው?

ዘገባው ገንዘብ የሰጡትን ነጋዴዎች አንድ በአንድ ሲያመሰግን፣ ትኬቱን ከአራዳ እስከ ማራኪ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የሸጡት የማኅበራችን አባላት ግን ስማቸው እንኳ አልተነሣም። ከመካከላቸው ዓይነ ስውራን አሉ፤ በክራንች የሚሄዱ አሉ፤ የጎንደርን ዳገትና ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ድካማቸው ይገባዋል። በዘገባችሁ ውስጥ እኛ ያለነው ተጋብዘን፣ ተደግፈን፣ ተሸክመውን የገባን ሰዎች ሆነን ብቻ ነው። ይህም ጉዳት አለው። ገቢው የሚውለው ለወጣት ሴት አካል ጉዳተኞች የሙያ ሥልጠና ነው፤ ሥልጠናዋን ጨርሳ ሥራ ፍለጋ የምትወጣ ልጅ ስትመጣበት፣ ያንን ፎቶግራፍ ያየ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያስበው ማን እንደሚሸከማት ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ግን የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛው ማመቻቸት የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ይናገራል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ቦታ አልጠፋም፤ ለአዳራሹ ጌጥና ለምግቡ ዓይነት አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጥታችኋልና።

ስለዚህ ዘገባው ያንኑ ያህል ቦታ በሚይዝ ጽሑፍ እንዲታረም፣ ትኬቱን የሸጡት አባላት ድርሻም እንዲጻፍ እንጠይቃለን። ፎቶግራፌን ያለ ፈቃዴ ዳግም እንዳታወጡትም አሳስባለሁ። ዘጋቢያችሁ ወደ አዳራሹ ተመልሶ የሕንፃውን ባለቤትና ፈቃድ የሰጠውን ክፍል ስለ ራምፑና ስለ መጸዳጃ ቤቱ ይጠይቅ፤ እኔም በቀጠረኝ ሰዓት እዚያው ደረጃው ሥር ተገኝቼ ላነጋግረው ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የማኅበሩ አባል፣ ከጎንደር