የጨው ውሃ ገንዳ ማጣሪያ ሲመረጥ ሶኬቱም ይታሰብ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ስለ ቤት ውስጥ የባሕር ዓሣ ገንዳ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ስለ ዓሣዎቹ ቀለም በደንብ ተጽፏል፤ ማጣሪያም ተነስቷል። ስለ ኮረንቲ ግን አንዲት ቃል የለችም። ሙያዬ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ ቤቴም የጨው ውሃ ገንዳ አለ። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው ኮረንቲ ከቧንቧ ውሃ ይልቅ በጣም በቀላሉ ያልፍበታል። የሚረጨው ጠብታ ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ሽቦውን ተከትሎ ይሳብና ዲቫይደር ውስጥ ይገባል። እርጥበት ሲያገኝ ብረቱን ይበላል፤ ሶኬቱም ይግላል። ሥራ ተጠርቼ ስሄድ የከፈትኳቸው የጠቆሩ ዲቫይደሮች ምክንያታቸው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ሽቦው ከሶኬቱ በታች ወርዶ ተመልሶ ይውጣ፤ ያኔ ጠብታው ከእጥፋቱ ላይ ወለል ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ስፒናው ውስጥ አይገባም።

«ብሬከር አለኝኮ» የሚሉኝ አሉ። ተራ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሰው የሚገድል ኮረንቲ ቢያልፍ ባለ 16 አምፔሩ ንቅንቅ አይልም። ሰው የሚያድነው አርሲዲ ነው፤ የሄደውና የተመለሰው ኮረንቲ ሲለያይ ወዲያው ይቆርጣል። ለሰው መከላከያ 30 ሚሊአምፔር ወይም ከዚያ ያነሰውን ግዙ። መፈተሻ ቁልፉን አልፎ አልፎ መጫን አትርሱ። ሁሉንም ዕቃ ግን አንድ አርሲዲ ላይ አትሰኩ። ማሞቂያው ተበላሽቶ ከቆረጠ ፓምፑም ይቆማል፤ እናንተ ውጭ እያላችሁ ዓሣው ኦክስጅን ያጣል። ማሞቂያው ለብቻው፣ የውሃ ማዘዋወሪያው ፓምፕ ለብቻው።

ውሃውን ኧርዝ ማድረግስ፣ ማለትም በሽቦ ከመሬት ጋር ማገናኘትስ? አርሲዲ ካለ እስማማለሁ፤ ብልሽቱ ገና ሲጀምር ይታወቃል። አርሲዲ ከሌለ አልወደውም። አንድ እጃችሁ ውሃው ውስጥ ሆኖ በሌላው ብልሹ መብራት ብትነኩ የኮረንቲው መንገድ እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ማጣሪያው። ብዙ ሰው የሚመኘው ሳምፕ ነው፤ ገንዳው ሥር ካቢኔ ውስጥ የሚቀመጠው ሁለተኛ ገንዳ። ጥሩ ነገር ነው፤ ስኪመሩንም (ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣውን ዕቃ) ማሞቂያውንም ይደብቃል። ችግሩ ዲቫይደሩም እዚያው ወለል ላይ ይጣላል። መብራት ሲጠፋ ከላይ ያለው ውሃ በቧንቧው ወደ ታች ይመለሳል። ሳምፑ ቦታ ካልተረፈው ይፈስሳል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ዲቫይደሩ ውሃ ውስጥ ነው! ስለዚህ ሶኬቶቹ ከሳምፑ ውጭና ከፍ ብለው ግድግዳ ላይ ይሁኑ። ሳምፑን እንደገጠማችሁ ፓምፑን ራሳችሁ አጥፉና ውሃው የት ድረስ እንደሚሞላ እዩ።

ዝግ ጣሳ ማጣሪያ የሚፈስበት ዕድል ያነሰ ነው። ግን ቆሻሻው ውስጡ ታስሮ ይበሰብሳል፤ ቶሎ ቶሎ ካልታጠበ ሲበዛ ውሃውን የሚያበላሸውን ናይትሬት ያመርታል። የሰው ስንፍና ደግሞ የታወቀ ነው።

ለአነስተኛ ገንዳ የእኔ ምርጫ ሕያው ድንጋይ ነው፤ ስፒና የለውማ! ድንጋዩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አንድ ጠንካራ ፓምፕ ውሃውን ያዘዋውር፤ ናይትሬቱን ውሃ እየቀየራችሁ ቀንሱት። ዓሣው ከበዛ ስኪመር ይጨመር፤ ቆሻሻውን ሳይበሰብስ በአረፋ ያወጣዋል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ አይግባ። ይህ ሳምንታት ይፈጃል፤ የሚያቻኩል ነገር የለም።

እጅ ከመንከሩ በፊት ሁሉም ከሶኬት ይነቀል። ውሃ በምትቀይሩበት ቀን ማሞቂያው ቀድሞ ይነቀልና ጥቂት ይቀዝቅዝ። ትኩስ መስታወቱ ከውሃ ውጭ ቆይቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀውን ደግሞ በማስቲሽ ለመጠገን አትሞክሩ፤ ጣሉት።

ከአንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አንባቢያችሁ