ማታ ስደውል ቁጥሩን ንገሪኝ

እማዬ፣

ትናንት ስደውልልሽ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» አልሽኝ። ከዚያ እህቴ ደወለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻሽን አንሶላ ስታጥቢ አገኘችሽ። መብራት እንኳ አላበራሽም።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ማንበብ ጀምሮ ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል። የትንሿ የፊት ጥርስ ወለቀና «ለአያቴ አሳዪልኝ» ብላ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ ይኸው እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ወሬ አበዛሁ። መጻፍ የፈለግኩት የጨረር ሕክምናው ስላመጣብሽ ተቅማጥ ነው።

አንቺ አጥፍተሽ የመጣ ነገር አይደለም። ጨረሩ የሚያርፈው ከሆድሽ በታች ነው፣ አንጀትም እዚያው ስላለ ያገኘዋል። የአንጀት የውስጥ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ የሚታደስ ስለሆነ ጨረር ቶሎ ይጎዳዋል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ደህና ሰንብተሽ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የጀመረሽ። ብዙ ሰው ላይ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ባሉት ሳምንታት እየቀነሰ ይሄዳል። ምኑ ያሳፍራል? እኔ ልጅ ሆኜ ሆዴን ሲያመኝ ስንት አንሶላ አጥበሻል፣ አንድ ቀን ፊትሽን አጥቁረሽብኝ አታውቂም።

ያናደደኝ ግን መንገድ ላይ እንዳይመጣብሽ ብለሽ ጠዋት ውሃ መጠጣት መተውሽ ነው። እማዬ፣ እባክሽ። ውሃ ስለተውሽ ተቅማጡ አይቆምም፣ የምትደርቂው አንቺ ነሽ። ፊኛሽን ሞልተሽ ነይ ያሉሽም በምክንያት ነው፤ ፊኛ ሲሞላ አንጀቱን ገፋ አድርጎ ከጨረሩ ያርቀዋል። ኦ አር ኤሱን፣ ማለቴ በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካውን ዱቄት፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ውሃ ልክ በጥብጠሽ ቀኑን ሙሉ ፉት በይ። ካለቀብሽ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፣ ማንኪያው ግን ክምር አይሁን። ምግብ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ሩዝ፣ ሙዝ፣ የተላጠ ድንች። ጥሬ አትክልት፣ ባቄላ፣ ቅባትና ቅመም የበዛበት ለጊዜው ይቅር። ወተት ካባሰብሽ እሱም። ስትታጠቢ ለብ ባለ ውሃ፣ ሳትፈትጊ።

የተቅማጥ ማስታገሻውን፣ ሎፐራማይዱን፣ ሐኪሙ ባዘዘልሽ ልክ ብቻ ዋጪ። ደም ካየሽ፣ ትኩሳትሽ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ካዞረሽ ወይም ሽንትሽ ቀንሶ ከጠቆረ የዚያኑ ቀን ደውይላቸው። ጨረሩ ይቋረጥ ካሉም እነሱ ይበሉ እንጂ አንቺ በራስሽ እንዳትቀሪ።

የአባዬንም እንዲህ ነው የደበቅሽኝ። ፈተና ላይ ናት ብለሽ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በደወልኩ ቁጥር «ተኝቷል» ትይኝ ነበር። ስደርስ መናገር አቁሟል። ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አልረሳሁትም። አሁንም «ደህና ነኝ» ስትይኝ የምሰማው ያኔ «ተኝቷል» ያልሽበትን ድምፅ ነው። ፈርቻለሁ እማዬ።

እህቴ አልጋሽ አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ ታስቀምጥልሻለች። ሽንት ቤት በገባሽ ቁጥር አንድ ሰረዝ ብቻ አድርጊ፣ ሐኪሙም ይፈልገዋል። ማታ ስደውል ስንት ሰረዝ እንደሆነ ንገሪኝ። አንሶላውን ለእሷ ተይላት። መብራቱንም አብሪው።

ልጅሽ