ለእታለም፣ ለሐኪሞቼና በስም ላልጠራኋችሁ ሁሉ

የተከበራችሁ የወረዳችን ነዋሪዎች፣ ባልደረቦቼ፣ ዘመዶቼና ወዳጆቼ፤

ባለፈው ክረምት የሆንኩትን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እየሄድኩ ነው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስቱንም ጊዜ ትቼው ተነሥቻለሁ። ታላቅ እህቴ እታለም ጋ ስደርስ እጄ አልታዘዝ ይለኛል።

ሐኪሞቼንና ነርሶቹን፣ ደም የለገሳችሁልኝን ወጣቶች፣ ሱባኤ የገባችሁልኝን እናቶች፣ በየመስጊዱ ዱዓ ያደረጋችሁልኝን አባቶች ከልብ አመሰግናለሁ። ከባሕር ዳር እየተመላለሳችሁ የጠየቃችሁኝ የክልሉ ምክር ቤት ባልደረቦቼ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልኝ።

አሁን ወደ እታለም ልምጣ።

በ2002 ዓ.ም. ለአማራ ክልል ምክር ቤት ተመርጬ ስገባ ምክር ቤት ማለት አዳራሹና ወንበሩ ይመስለኝ ነበር። እኔ ለጉባኤ ባሕር ዳር ስከርም ባለጉዳዩ ገና ጎህ ሳይቀድ ግቢያችን ይሞላል። እታለም ፊደል አልቆጠረችም። ማመልከቻውን ትቀበልና ባለቤቱን ቁጭ አድርጋ፣ ቡና አጠጥታ፣ ነገሩን ከአፉ ትሰማለች። ከዚያ ወረቀቱን ጠቅልላ በገዛ እጇ በፈተለችው ክር ታስረዋለች፤ የመሬት ጉዳይ በነጭ፣ የፍርድ ቤት በቀይ፣ የውኃና የመንገድ በአረንጓዴ። ሰውየው ተመልሶ በመጣ ቁጥር በክሩ ላይ አንድ ቋጠሮ ትጨምራለች። እኔ ስመለስ ጥቅሎቹን በየክራቸው ደርድራ ትጠብቀኛለች። ባለ ብዙ ቋጠሮው ከላይ ነው። ከዚያ የተሻለ መዝገብ ቤት አላየሁም።

የክልላችን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 የጸደቀ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር ወደ ቤት የተመለስኩት። «ገበሬ የመሬቱን የመጠቀም መብት ለብድር ዋስትና ማስያዝ ተፈቀደለት» አልኳት። «ደብተር የሌላትስ?» አለችኝና ከላይ ያለውን ጥቅል ሰጠችኝ። የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ማመልከቻ ነው። በይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ፎቶግራፍ ነበረበት፤ ደብተሩ ግን በባሏ ወንድሞች እጅ ቀርቷል። ያን ቀን በክሩ ላይ አራት ቋጠሮ ነበር።

በእኔ ዘመን የፓርቲዬ ስም ብአዴን ነበረ፣ አዴፓ ሆነ፣ በመጨረሻም ወደ ብልጽግና ገባ። የ2012ቱ ምርጫ በኮሮና ምክንያት ሲራዘም ለአምስት ዓመት የገባንበት ወንበር ስድስት ዓመት አስቀመጠን። እታለም ስለዚህ ሁሉ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። የምትጠይቀኝ ስለዚያች ሴት ደብተር ነው። (በ11 ዓመት ውስጥ ድምፀ ተአቅቦ ያደረግኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለቀረው ሁሉ እጄን አውጥቻለሁ፤ ዛሬ ቢሆን የማላወጣበትም አለ። ይህን የምነግራችሁ ምሕረት ለመለመን አይደለም፤ ታምሞ የተኛ ሰው ብዙ ስለሚያስብ ነው።)

ሆስፒታል በተኛሁ ጊዜ ጠያቂ ሁሉ አጥሚትና ብርቱካን ይዞ ሲመጣ እርሷ ከነጠላዋ ሥር ጥቅሎቹን አወጣች። ነርሷ ተቆጣች። እኔም ተቆጣሁ። «አንተ ተኛህ እንጂ የሰው ችግር አልተኛም» ብላ ትራሴ ሥር ሸጎጠቻቸው። ማታ ማታ አንድ አንዱን እያነበብኩላት እርሷ ባለጉዳዮቹን በመልክ፣ በአባት ስም፣ በመንደር ትነግረኝ ነበር። ሕመሙን የረሳሁት በእነዚያ ምሽቶች ነው። ልብሴን ማጠቧን፣ ከአልጋዬ ሥር ወለል ላይ መተኛቷን፣ ልጆቼን... ይህን መጻፍ አልችልም፤ ይቅርብኝ።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ፤ ሹፌሮች፣ የቀበሌ ሠራተኞች፣ የዕድራችን አባላት፣ በስልክ የጠየቃችሁኝ ሁሉ። ረስቻችሁ አይደለም፤ አትቀየሙኝ። ጉዳያችሁን ሳልጨርስ የቀረሁባችሁም ይቅር በሉኝ።

ጥቅሎቹን በ2013 ዓ.ም. ለተመረጡት ተተኪዬ አስረክቤአለሁ። የክሩን ቀለምና የቋጠሮውን ነገር ሳላስረዳ እንዳልመለስ እታለም አስጠንቅቃኝ ስለነበር እርሳቸውም በትዕግሥት ሰምተውኛል፤ አመሰግናለሁ። የሴትየዋ ማመልከቻ ሲሄድ ሰባት ቋጠሮ ነበረበት። ባለፈው ሳምንት ሴትየዋ በራችን ላይ ቆማ አየኋት። እታለም ቡና አጠጣቻትና ወደ አዲሱ ተመራጭ ላከቻት። ስትወጣ ግን አንዲት ቁራጭ ነጭ ክር አንድ ጊዜ ቋጥራ በእጇ አስያዘቻት፤ ከሰባቱ ላይ እንድታስጨምርበት።