የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ፦ ከማስመሪያ የኮረጀው ፕሮግራም

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ርዕስ የቆዳ ካንሰርን የሚለዩ መሣሪያዎች ነበር። ነገሩን ያስነሳችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፦ «ቲቸር፣ ስልክ ፎቶ አይቶ ካንሰር መሆኑን ይናገራል የሚባለው እውነት ነው?»

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በደርማቶስኮፕ አለቀ። የቆዳ ሐኪሞች የሚይዙት፣ ቆዳን 10 እጥፍ ያህል የሚያጎላ ባለመብራት ማጉያ ነው። ጥበቡ ግን በማጉላቱ ብቻ አይደለም። ቆዳ መብራት ሲያርፍበት ያብረቀርቅና ከሥሩ ያለውን ቀለም ይሸፍናል። ልጆቹ ከተበላሸ ካልኩሌተር ስክሪን ላይ ፖላራይዘር ፊልሙን (ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ስስ ፕላስቲክ) ላጡ። አንዱን ቁራጭ በስልክ መብራት፣ ሌላውን 90 ዲግሪ አዙረው በካሜራው ላይ በፕላስተር ለጠፉ። አንዱ ልጅ ክንድ ላይ ያለችውን ማርያም የሳመችውን ሲያዩባት ብልጭታው ጥፍት አለ። አንድ ወጥ ቡናማ የመሰለችን ምልክት ዳሯ ፈዘዝ፣ መሐሏ ጠቆር ያለ ሆነች። ያን ቀን ቤተ ሙከራውን ለመዝጋት ልጆቹን መለመን ነበረብኝ። በዚህ ምርመራ እንደማይደረግ ግን ደጋግሜ ተናግሬያለሁ። ቁርጡ የሚታወቀው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።

ከዚያ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዞርን። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 130 ሺህ ገደማ ፎቶ ያስጠኑት ፕሮግራም ከ21 የቆዳ ሐኪሞች ጋር ተፈትኖ አላነሰም። በኋላ ግን አንድ ጉድ ወጣ። ፎቶው ላይ ማስመሪያ ካለ ፕሮግራሙ «ካንሰር ነው» ወደ ማለት ያዘነብላል። ሐኪሞች በማስመሪያ የሚለኩት የሚያሰጋቸውን ነዋ! «ኮርጆ ነው ያለፈው» ብለው ሳቁ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጥናት ግን አላሳቀንም። እዚያው ስታንፎርድ በ656 ፎቶዎች ሲፈተኑ፣ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይበልጥ ተሳሳቱ። የሚማሩባቸው ፎቶዎች በብዛት የነጭ ቆዳ ናቸውና። በጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ደግሞ ፀሐይ በማያገኘው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነው።

ስለዚህ በሰልፍ ላይ ያቀረብነው ስለ ስልክ አልነበረም። «እግራችሁን ስትታጠቡ ውስጥ እግራችሁንም እዩ፤ አዲስ ጥቁር መስመር ጥፍር ሥር ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ ሐኪም ይየው» አልን። አልቢኒዝም ላለባቸው፣ ቆዳቸው ቀለም ስለሚያንሰው ፀሐይ ለሚጎዳቸው ተማሪዎችም ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ሁልጊዜ እንዲፈቀድ ጠይቀናል።

ለሚቀጥለው ዓመት ፊልም አልቆብናል። የተበላሸ ካልኩሌተር ያላችሁ አትጣሉት፤ ቤተ ሙከራ አምጡልን።