ለአብሮ አደጌ፦ የት አርሶ ያውቃል?

ሰላም ነው አብሮ አደጌ፣

እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድ ያው ነው፤ ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልህ። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ትተን ወደ ወሬያችን እንግባ።

መጨረሻ ስንገናኝ «ማሽን ቋንቋ ከቻለ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው» ብለኸኝ ነበር። አሁንም አልተዋጠልኝም። ሰሞኑን ቻትጂፒቲን፣ ያን ከተጻፈ ነገር ቋንቋ የተማረውን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ድንጋያማ ተዳፋት እንዴት እንደሚታረስ ጠየቅሁት። ስለ በሬው፣ ስለ ማረሻው፣ ተዳፋቱን አግድም ስለማረስ ጥሩ አድርጎ መለሰልኝ። መንዝ ስሄድ ለአባቴ አነበብኩለት። «ልክ ነው» አለ። ቀጥሎ ግን «የት አርሶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀኝ።

አባቴ መሬቱን የሚያውቀው በእርፉ በኩል ነው። ማረሻው ድንጋይ ሲነካ ገና ሳያስበው እጁ እርፉን ያነሳል። እንዴት እንዳወቀ ብትጠይቀው ግማሹን እንኳ አይነግርህም። ያልተነገረ ደግሞ አልተጻፈም። ያልተጻፈውን ማሽኑ ከየት ያነበዋል?

ሰው የሚያስበው በጭንቅላቱ ብቻ ሳይሆን በመላ አካሉ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሜርሎ ፖንቲ እ.ኤ.አ. በ1945 ስለዚህ በሰፊው ጽፏል። እኔን የያዘኝ ግን የድመቶቹ ነገር ነው። በ1963 ሪቻርድ ሄልድና አላን ሃይን ጨለማ ውስጥ ያደጉ የድመት ግልገሎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው በሚሽከረከር መሣሪያ ላይ አሰሩ። አንደኛዋ በእግሯ ትሄዳለች። ሌላዋ ቅርጫት መሳይ ነገር ውስጥ ሆና ያችኛዋ በሄደች ቁጥር አብራ ትዞራለች። ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ ግድግዳ ነው። ኋላ በመስታወት የተሸፈነ ገደል መሳይ ነገር ላይ ሲፈተኑ፣ በእግሯ የሄደችው ጥልቁን ወገን ሸሸች። በቅርጫት የዞረችው ግን አልለየችውም፤ ነገር ወደ ፊቷ ሲመጣባት እንኳ ዓይኗን አትጨፍንም። ዓይኗ እኮ ጤነኛ ነው! ብርሃን ባለበት ቤት እንደ ልቧ ስትለቀቅ በጥቂት ቀን ተስተካከለች። (ሳይንስ አንዳንዴ ይጨክናል።)

የሮቦት ተመራማሪው ሃንስ ሞራቬክም በ1988፣ ኮምፒውተርን ዳማ ማጫወት እንደሚቀል፣ የአንድ ዓመት ሕፃን የሚያየውንና የሚንቀሳቀሰውን ያህል ማስቻል ግን እንደሚከብድ ጽፏል። በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን በቼዝ ሲረታ፣ ጠጠሮቹን በእጁ የሚያንቀሳቅስለት ሰው ሰሌዳው ፊት ተቀምጦ ነበር።

ይሁንና «አካል የሌለው ምንም አያውቅም» የሚሉትንም አልከተልም። ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደ ሰው ስለ ቀለም ከሰዎች ንግግር ብዙ ያውቃል። ቃል ቀላል ነገር አይደለም። አሁን ደግሞ እንደ ቻትጂፒቲ ያሉትን የቋንቋ ሞዴሎች ከካሜራና ከሮቦት ክንድ ጋር እያገናኙ ነው። ዕቃ ማንሳትና ማስቀመጥ ተችሏል፤ እርፍ መጨበጥ ግን ሌላ ነው።

አንተ ለሥራው ስለምትቀርብ አንድ ነገር አስረዳኝ። ሮቦት ኮምፒውተር ውስጥ በተሠራ ምናባዊ ዓለም ሲለማመድ፣ ያ ልምምድ በእግር እንደ መሄድ ይቆጠራል ወይስ በቅርጫት እንደ መዞር? እኔ ወደ እግሩ አደላለሁ፤ ሞክሮ ይወድቃላ። ግን የሚወድቅበትን መሬት የሠራው ፕሮግራመር ነው። ይኼ ነው ያላማረኝ።

መልሱን በጽሑፍ ካልመቸህ ደውል፤ ማታ ማታ ቤት ነኝ።

ያንተው፣
ከደብረ ብርሃን