ሜምብሬኖቹ መጋዘን ውስጥ ደረቁ

ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለውሃ ማጣሪያ ምርምራችን ተጠይቆ አሥራ አንድ ወር ሳይፈረም ስለቀረው የድጋፍ ደብዳቤ

የመሥሪያ ቤትዎን ስም እዚህ አልጽፍም፤ በአምስቱ ማመልከቻዎቼ ላይ ሰፍሯል። አምስቱም መዝገብ ቤት ገቢ ሆነዋል፤ ለአንዱም የጽሑፍ መልስ አላገኘሁም። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ እያየው እጽፍልዎታለሁ።

ከአራት ኪሎ ቢሮዎ ድረስ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ መቁጠር ትቻለሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ፋይሉ ተመርቷል፣ ሰኞ ይምጡ። ሚያዝያ ላይ ግን አንድ ባለሙያዎ እውነተኛውን ምክንያት ነገሩኝ፦ «ባሕር የሌለው አገር የባሕር ውሃ ማጣሪያ ምን ያደርግለታል?» ርእሱ ላይ «የባሕር ውሃ» የሚል ስላለ ከሥሩ ያለውን ያነበበ የለም ማለት ነው።

ከሥሩ የተጻፈው ይህ ነበር። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ውሃውን በሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ እንጂ ጨው በማያሳልፍ ስስ ማጣሪያ፣ አሳልፎ ጨዉን ለማስቀረት ከ55 እስከ 70 ባር ግፊት ይጠይቃል፤ ዛሬ ጥሩ የሚባሉት ጣቢያዎች ለአንድ ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ። ከባሕሩ ውሃ ግማሹን ለማጣራት ተፈጥሮ ራሷ የምታስገድደው ግን ለዚያው ሜትር ኩብ 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የምርምሩ ቦታ ይህ ክፍተት ነው። ጨው የተጠራቀመበት ትራፊ ውሃ ከሜምብሬኑ የሚወጣው ግፊቱን እንደያዘ ነው፤ ያንን ግፊት ለሚገባው ውሃ ማስተላለፍ ብዙ ኃይል ያድናል። እኛ ይህንኑ በትንሽ መጠን፣ በፀሐይ ኃይል በሚሠራ ፓምፕ እየሞከርን ነበር።

ባሕር ባይኖረንም ጨዋማ ውሃ አለን። የአፋር ጨዋማ ጉድጓዶች ከባሕር ያነሰ ጨው ስላላቸው ግፊቱም ኃይሉም ያንሳል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ብዙ እጥፍ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ እየጠጡ ጥርሳቸው የበለዘ ልጆች አሉ፤ ያው ሜምብሬን ፍሎራይዱንም ያስቀራል። ባሕር ያላቸው አገሮች ትራፊውን ወደ ባሕር ይለቁታል፤ የባሕሩን ወለል ሕይወት ይጎዳባቸዋል። እኛ መሬት ላይ ብናፈሰው ተመልሶ አፈሩንና ጉድጓዱን ጨዋማ ያደርጋል። ባሕር የሌለን በመሆናችን ትራፊውን መቀነስ ለእኛ ይበልጥ አስፈላጊ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ውጭ አገር ያሉ ባልደረቦቻችን ሦስት ሜምብሬኖች በነፃ ላኩልን። የእርስዎ ደብዳቤ ስለጎደለ መጋዘን ቀሩ። የእኛዎቹ ተፈትሸው በመከላከያ ፈሳሽ እንደረጠቡ የታሸጉ ነበሩ፤ አንዴ ከደረቁ ውሃ ማሳለፋቸው እንደ ቀድሞው አይመለስም። ይህንን በሁለተኛውም በሦስተኛውም ማመልከቻ ላይ አስምሬበት ጽፌ ነበር! በመጨረሻ ቀረጡንም የመጋዘን ኪራዩንም ከደመወዛችን አዋጥተን አወጣናቸው። ማሸጊያውን ስንከፍት ፈሳሹ አልቆ፣ ውስጡ እንደ ብራና ደርቆ ነበር። ሁለት ዓመት የመመረቂያ ሥራዋን በዚህ ላይ የገነባች ተማሪዬ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ምን ብዬ ላጽናናት?

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ እንደሚያዝ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እምቢም ካሉ እምቢታዎን ፈርመው ይስጡኝ።

ባልደረቦቻችን ሌላ ሦስት ሊልኩ ፈቅደዋል። ደብዳቤው እጄ ሳይገባ እንዳይልኩ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሁለተኛ ሲደርቅ ማየት አልችልም።